«ዘ ሃይስት»፦ የማክልሞር እና የራያን ሉዊስ የመጀመሪያ ስቱዲዮ አልበም

«ዘ ሃይስት» በማክልሞር ስም የሚታወቀው የሲያትሉ ራፐር ቤን ሃገርቲ ከፕሮዲዩሰር ራያን ሉዊስ ጋር የሠራው የመጀመሪያ ስቱዲዮ አልበም ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2012 ማክልሞር ኤልኤልሲ በተባለ የራሳቸው ድርጅት በኩል ወጣ። 15 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉንም ፕሮዲዩስ ያደረገው ሉዊስ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ 78,000 ቅጂ ተሽጦ በቢልቦርድ 200 ሰንጠረዥ ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ በዚያ ሳምንት ከፊቱ የነበረው የማምፎርድ ኤንድ ሰንስ «ባቤል» ብቻ ነበር። ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ጋር ውል ላልነበራቸው ሁለት ሰዎች ይህ ቁጥር ብርቅ ነው።

«የመጀመሪያ» ሲባል የጥንዶቹ የመጀመሪያ ማለት ነው። ማክልሞር በ2005 «ዘ ላንጉዌጅ ኦፍ ማይ ወርልድ» የተባለ ብቸኛ አልበም በራሱ አውጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በሱስ ምክንያት ሥራው ተጓተተ፤ በ2008 ማገገሚያ ገባ። ከሉዊስ ጋር የሠሩት «ቪኤስ.» የተባለ አጭር ሥራ በ2009 ወጣ፤ በዓመቱም እንደገና ተሠርቶ ቀረበ። በአዘፋፈኑም ሆነ በንግዱ «ዘ ሃይስት»ን የወለዱት እነዚህ ዓመታት ናቸው።

ከተማዋ ለዚህ ዓይነት ሥራ አዲስ አልነበረችም። ሰር ሚክስ ኤ ሎት በ1988 የመጀመሪያ አልበሙን «ስዋስ»ን ያወጣው ናስቲሚክስ በተባለ የሲያትል ትንሽ ድርጅት በኩል ነው። በ2000ዎቹ ብሉ ስኮላርስን የመሳሰሉ ቡድኖች ያለ ትልቅ ኩባንያ መድረክ ሞልተዋል። ከኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የተገኘው ገብርኤል ቴዎድሮስ፣ በአቢሲኒያን ክሪዮል ከተጣማሪው ኪንግዝ ጋር ከሠራ በኋላ፣ በ2007 «ላቭወርክ»ን ያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። የሲያትል ሂፕ ሆፕ የኒውዮርክና የሎስ አንጀለስ ኩባንያዎች ደጅ ከመጥናት ይልቅ በራሱ መድረክና በራሱ ደንበኛ መኖርን የለመደ ነበር።

ድምፁና አሠራሩ

«ቪኤስ.» የታወቁ የሮክ ባንዶችን ዘፈን ቆርጦ ቢት (ራፕ የሚባልበት ሙዚቃ) ያደረገ ሥራ ነበር። በነፃ የሚታደል ነገር ብዙ ጊዜ ጠያቂ ሳይመጣበት ያልፋል። ለሽያጭ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሳምፕል (ከሌላ ዘፈን የተቆረጠ ድምፅ) ሁለት ፈቃድ ይፈልጋል፦ አንዱ የተቀረጸው ድምፅ ባለቤት ከሆነው ኩባንያ፣ ሌላው የዜማውና የግጥሙ መብት ከተመዘገበበት አሳታሚ። አንደኛው ፈርሞ ሌላው እንቢ ካለ ዘፈኑ ይቀራል። ሁለቱም እሺ ቢሉ እንኳ ከአዲሱ ዘፈን የደራሲነት ድርሻ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ የሚጠይቅ አለ። በጀት የሌለው አርቲስት ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቢቱን ወዶ፣ ግጥም ጽፎ፣ ቀርጾ ከጨረሰ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ ይወጣል።

በ«ዘ ሃይስት» ላይ ሉዊስ ያዘነበለው ወደ ሕያው መሣሪያ ነው። ኬንያዊው ኦውር አሩንጋ መለከት ነፍቷል፤ የቫዮሊኑንና የሌሎቹን ባለ ክር መሣሪያዎች ቅንብር አንድሩ ጆስሊን ይዟል፤ ፒያኖና ጭብጨባ እንደ ልብ አለ። «ካንት ሆልድ አስ» በደቂቃ 146 ምት ይሮጣል። ለራፕ ፈጣን ነው፤ ግጥሙን ለመከተል ጆሮ ይፈልጋል፤ በስታዲየም ግን ሰው ያዘለለው ይኸው ፍጥነቱ ነው። «ስሪፍት ሾፕ» በአንጻሩ 95 ምት ላይ ተረጋግቶ፣ በአንዲት አጭር የሳክስፎን ሐረግ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል።

የ«ስሪፍት ሾፕ» አዝማች የአልበሙን አሠራር በደንብ ያሳያል። ለአዝማቹ የተፈለገው የራፕ አዝማች በማዜም የታወቀው የኔት ዶግ ዓይነት ወፍራም የወንድ ድምፅ ነበር። ያንን ያገኙት ከታዋቂ ዘፋኝ ሳይሆን፣ ቀን ቀን ሶፍትዌር እየፈተሸ ከሚኖረው፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈው የሲያትል ድምፃዊ ማይክል ዋንስሊ ነው፤ የመድረክ ስሙ ዋንዝ ነው። ዘፈኑ ስለ ሰልባጅ ልብስ ነው። ውድ ልብስ በሚወደስበት የራፕ ዓለም የሌላ ሰው አያት ኮት በሳንቲም ገዝቶ መኩራራት ቀልድም ትችትም ሆነ። ቪዲዮው ሲያትል ውስጥ ባሉ የልባሽ ሱቆች ተቀርጾ ዘፈኑ ኦገስት 2012፣ አልበሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ተለቀቀ።

ሌሎቹ ተጋባዦችም አብዛኞቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። «ካንት ሆልድ አስ»ን ሬይ ዳልተን፣ «ሴም ላቭ»ን ሜሪ ላምበርት፣ «ኒዮን ካቴድራል»ን አለን ስቶን ያዜሙታል። ከውጭ የመጡት ስኩልቦይ ኪው በ«ዋይት ዎልስ»፣ አብ ሶል በ«ጂሚ አዮቪን»፣ የባንድ ኦፍ ሆርስስ ድምፃዊ ቤን ብሪድዌል በ«ስታርቲንግ ኦቨር» ናቸው። «ስታርቲንግ ኦቨር» ስለ ሱስ መልሶ መጀመር ሲሆን፣ በእኛ ግምት በአልበሙ ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ግጥም የእሱ ነው፤ በሽያጭ ግን ከሰልባጁ ዘፈን ጋር አይነጻጸርም።

የሜሪ ላምበርት ጉዳይ በተለይ መታየት አለበት። የ«ሴም ላቭ»ን አዝማች ራሷ ስለጻፈችው በደራሲነት ተመዝግባለች። በዚህም ዘፈኑ ለግራሚ «የዓመቱ ዘፈን» ሲታጭ ስሟ አብሮ ታጭቷል፤ በ2013ም ያንኑ አዝማች ይዛ «ሺ ኪፕስ ሚ ዋርም»ን በራሷ ስም አውጥታለች። በስቱዲዮ ክፍያ ብቻ ያዜመ ተጋባዥ ይህን አያገኝም። ስለዚህ ማን ስንት በመቶ እንደጻፈ የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት ከቀረጻው ቀን ሳያልፍ ይፈረማል። ዘፈኑ ከገነነ በኋላ ድርሻ መነጋገር ጠብ ነው።

ነፃነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

በአልበሙ ዙሪያ ብዙ ያከራከረው ይህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ሁሉን በእጃቸው አልሠሩም። ሲዲውን ለሱቅ፣ ፋይሉን ለኢንተርኔት መደብር ያደረሰው የዋርነር ሙዚቃ ቡድን (ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ) አካል የሆነው አልተርኔቲቭ ዲስትሪቢውሽን አሊያንስ ነው። «ስሪፍት ሾፕ» ሲነሳም የዋርነር የሬዲዮ አስተዋዋቂ ክፍል በክፍያ ተቀጠረላቸው። አንዳንዶች ይህን ይዘው ነፃነቱ የማስታወቂያ ወሬ ነው ብለዋል። እኛ አንስማማም። መለኪያው ማን መኪናውን ነዳ የሚለው አይደለም፤ ማስተሩ፣ ማለትም የተቀረጸው ድምፅ፣ በማን ስም ነው የሚለው ነው። ያ በእነሱ ስም ቀርቷል። አገልግሎት ገዙ እንጂ ባለቤትነት አልሸጡም።

ልዩነቱ በሳንቲም ሲቆጠር ይታያል። በዚያን ጊዜ በ99 ሳንቲም ከሚሸጥ አንድ ዘፈን አይቲዩንስ 30 በመቶ ያህሉን ይዞ 70 ሳንቲም ያህል ያስተላልፍ ነበር። አከፋፋይ ለምሳሌ 20 በመቶ ቢወስድ 56 ሳንቲም ለባለቤቱ ይቀራል። በተለመደው የኩባንያ ውል አርቲስቱ 15 በመቶ ቢያገኝ ድርሻው 10 ሳንቲም ተኩል ነው፤ እሱም የስቱዲዮው፣ የቪዲዮውና የቅድሚያ ክፍያው ወጪ ተቀንሶ እስኪያልቅ እጁ አይገባም።

በሲዲ ላይ ደግሞ ብዙ ጀማሪ የማያየው አንቀጽ አለ። በ2012 የአሜሪካ ሕግ ለደራሲው በአንድ ዘፈን 9.1 ሳንቲም ያስከፍል ነበር፤ ለ15 ዘፈን 1 ዶላር ከ36 ሳንቲም ተኩል ማለት ነው። የኩባንያ ውሎች ግን አርቲስቱ ራሱ ለጻፈው ዘፈን የሚከፈለውን ወደ 75 በመቶ ያወርዱና ቢበዛ ለ10 ዘፈን ብቻ እንከፍላለን ይላሉ። ያው 15 ዘፈን ያለው አልበም ወደ 68 ሳንቲም ይወርዳል። ግማሹ ጠፋ። የራሱ ድርጅት ያለው ሰው ይህን አንቀጽ ለራሱ አይጽፍም።

ሬዲዮው ለብቻው ይነገር። አሜሪካ ውስጥ የትልልቅ ጣቢያዎችን ዝርዝር የሚያወጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነሱን በየሳምንቱ የሚያነጋግሩ ባለሙያዎች ደግሞ በአብዛኛው የኩባንያዎቹ ተቀጣሪዎች ናቸው። ኢንተርኔት ዘፈንን በሚሊዮን ሰው ፊት ቢያቆመውም በመኪና ሬዲዮ አያስገባውም። በተጨማሪ ጣቢያ የሚቀበለው ስድብ የወጣለት ቅጂ ነው። ይህ ቅጂ ቀድሞ በሚክሱ ወቅት ካልተዘጋጀ፣ በኋላ ከተጠናቀቀው ፋይል ላይ ቃል ሲቆርጡ ከበሮውም አብሮ ይቆረጣል።

አወጣጡና ያመጣው ውጤት

ነጠላ ዜማዎቹ የወጡት በጣም ተራርቀው ነው፦ «ዊንግስ» በ2011 መጀመሪያ፣ «ካንት ሆልድ አስ» በዚያው ዓመት ኦገስት፣ «ሴም ላቭ» ጁላይ 2012፣ ከዚያ «ስሪፍት ሾፕ»። በኩባንያ አሠራር ሁለት ወር ያልሠራ ዘፈን ተጥሎ ወደ ሌላው ይታለፋል። እዚህ ግን ጣይ አልነበረም። በዚህ የተነሳ «ስሪፍት ሾፕ» በ2013 መጀመሪያ የሆት 100 (የቢልቦርድ የነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ) አንደኛ ሆኖ በጠቅላላው ስድስት ሳምንት ሲቆይ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው የደረሰው «ካንት ሆልድ አስ» ተከትሎት በዚያው ዓመት አንደኛ ወጣ። «ሴም ላቭ» የዋሽንግተን ግዛት ስለ ተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በኖቬምበር 2012 ድምፅ ሊሰጥ ሲዘጋጅ የወጣ ሲሆን 11ኛ ደረጃ ደርሷል።

ቀኑም ታስቦበት ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ አልበም ማክሰኞ ይወጣና ቆጠራው እሑድ ይዘጋል፤ ስድስት ቀን ብቻ። አስቀድሞ የታዘዘው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይቆጠራል። ስለዚህ ነፃ አርቲስት ከሁለትና ሦስት ወር በፊት ቅድመ ትዕዛዝ ይከፍታል። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ነገር ነው፦ የአልበሙ ባለ 12 አኃዝ ባርኮድ ለቆጠራ ድርጅቱ አለመመዝገቡ (ተሽጦ አይቆጠርም)፣ ለአንድ ዘፈን ሁለት የአይኤስአርሲ (የቀረጻ መለያ) ቁጥር መስጠት (ሮያሊቲው ይበተናል)፣ የተጋባዡን ስም በሁለት ዓይነት ፊደል መጻፍ። ሸክላ ለማሳተም የሚያስብ ደግሞ በአንድ ገጽ ከ22 ደቂቃ ብዙም ማለፍ እንደማይቻል ያውቃል፤ ሲጨናነቅ ድምፁ ይደክማል፣ ዝቅተኛው ድምፅ ይጠፋል። 15 ዘፈን ሁለት ሸክላ ይፈልጋል፤ የማሳተሚያና የፖስታ ወጪውም እንዲሁ።

ጃንዋሪ 26 ቀን 2014 በተደረገው ግራሚ ከሰባት እጩነት አራቱን አሸነፉ፦ ምርጥ አዲስ አርቲስት፣ ምርጥ የራፕ አልበም፣ በ«ስሪፍት ሾፕ» ደግሞ ምርጥ የራፕ አቀራረብና ምርጥ የራፕ ዘፈን። ሽያጩ በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ1 ሚሊዮን ቅጂ አልፎ ነበር። የራፕ አልበሙ ሽልማት ግን አልተዋጠም። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የኬንድሪክ ላማር «ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ» ነበር፤ ማክልሞርም ለኬንድሪክ ሽልማቱ የአንተ ነበር የሚል መልእክት ልኮ፣ መልእክቱን ኢንስታግራም ላይ ለጥፎ ሌላ ትችት ጋበዘ። ነጭ ራፐር በጥቁሮች ጥበብ ሲሸለም የሚነሳውን ጥያቄ ልጥፉ አላበረደውም። በኪነ ጥበብ ሚዛን የኬንድሪክ አልበም ይበልጣል የሚለውን ፍርድ ዛሬ የሚሞግት ብዙ ሰው የለም።

ስኬት ክስም ይጠራል። በ2017 አንድ የኒው ኦርሊንስ የጃዝ ሙዚቀኛ «ስሪፍት ሾፕ»ን ጨምሮ የተለያዩ ዘፈኖቻቸው ከሥራዎቼ ሳምፕል ወስደዋል ሲል ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ለጥንዶቹ ፈረደ፤ የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2020 ፍርዱን አጸና። ከሳሽ የተከሳሾቹን የጠበቃ ወጪ እንዲከፍልም ተወስኗል። ኩባንያ የሌለው አርቲስት እንዲህ ዓይነት ክስ ሲመጣበት ጠበቃ የሚቀጥረው ከኪሱ ነው፤ ስለዚህ የየዘፈኑን የሴሽን ፋይል (ኮምፒውተር ላይ የተሠራበትን ዋና ፋይል)፣ የእያንዳንዱን መሣሪያ የተናጠል ቅጂና የተጫዋቾቹን ፊርማ ከነቀናቸው በሁለት ቦታ ማስቀመጥ የአልበሙ ወጪ አካል ተደርጎ ይቆጠራል።