የትኞቹ ስድሳዎቹ?

«ካለፉት ዘመናት በየትኛው መኖር ትመኛለህ?» ሲባል ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ የሚመልሰው አንድ ነው፦ በስድሳዎቹ። የአበበ ቢቂላ ድል፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ምሥረታ፣ አፍሮ ፀጉር፣ ቤልቦተም ሱሪ፣ ሸክላ ሙዚቃ። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ዝርዝሩ ግን ከሁለት የተለያዩ ዘመናት የተለቀመ ነው፤ ይህን ስህተት ደግሞ በየፎቶው ሥር ማንበብ በእጅጉ ይሰለቻል።

«60ዎቹ ያው 60ዎቹ ናቸው»

አይደሉም። የፈረንጆቹ 60ዎቹ በእኛ ከታህሣሥ 1952 እስከ ታህሣሥ 1962 ናቸው። የእኛዎቹ ከመስከረም 1960 እስከ ጳጉሜ 1969፣ በፈረንጆቹ ከ1967 እስከ 1977 ናቸው። ሁለቱ የሚገናኙት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ብቻ ነው።

አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! እሱ በምሽት ሮም ውስጥ ሲሮጥ እዚህ የ1953 ዓ.ም. መግቢያ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው ግንቦት 17 ቀን 1955፣ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ነው። እነዚህ ሁሉ የሃምሳዎቹ ናቸው።

በእኛ አቆጣጠር ስድሳዎቹን የመረጠ ሰው የማሞ ወልዴን የሜክሲኮ ድል (ጥቅምት 1961) ያገኛል። ከዚያ የወሎን ረሃብ፣ የ1966ን አብዮት፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 የተገደሉትን ባለሥልጣናት፣ በ1969 ደግሞ ቀይ ሽብርንና በሐምሌ የሶማሊያን ወረራ ያገኛል። ከአሥሩ ዓመታት ሦስቱ የደርግ ናቸው። ያን ዘመን በወጣትነት ያለፉት ሰዎች «ደጉ ጊዜ» ሲባል ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

«ከፈረንጁ 8 መቀነስ ይበቃል»

ግማሽ እውነት ነው። ከጥር እስከ መስከረም 10 (በፈረንጅ) 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 11 እስከ ታህሣሥ 31 ግን 7 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች መለያው ከመስከረም 11 ወደ መስከረም 12 ይሄዳል። ለመፈተን የታህሣሡን ግርግር ውሰዱ፦ በፈረንጆቹ ታህሣሥ 13 ቀን 1960። 8 የቀነሰ 1952 ይላል፣ ይስታል፤ 7 ሲቀነስ ታህሣሥ 4 ቀን 1953 ይመጣል። ሸክላ ላይ ወር ሳይጻፍ «1969» ብቻ ካለ አንዱን መርጦ መጻፍ ግምት ነው፤ «1961/62» ብላችሁ ሁለቱንም አስቀምጡ። ፎቶም እንዲሁ፦ ከዓመቱ በፊት ወሩን ጠይቁ፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነም ጻፉበት።

«በጃንሆይ ጊዜ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር»

ለአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ብቻ። ይህ ተመን የመጣው በ1965 ሲሆን ደርግን ሙሉ ዘልቆ እስከ 1985 ቆይቷል። ከዚያ በፊት ለአጭር ጊዜ 2.30፣ ቀደም ብሎ ደግሞ ለዓመታት 2.50 ነበር።

«ሁሉም ርካሽ ነበር»

የካቲት 1966 ላይ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ስለተወደደባቸው ነው።

«ሙዚቀኛው እንደ ልቡ ይቀርጽ ነበር»

ታላላቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። ተጫዋቹ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ያን አልፎ በግሉ ማሳተም የጀመረው አምሃ እሸቴ ነው፤ በፈረንጆቹ 1969፣ በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ቅጂው ተቀርጾ ሸክላው ውጭ አገር ይታተም ነበር። ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በአንድ ፊቱ አንድ ዘፈን ብቻ ይይዛል፤ የዚያ ዘመን ዘፈኖች አጭር የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አምሃ ከመቶ በላይ አሳትሞ በ1967 ከአገር ወጣ። የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊም የምሽት ክበቡን ሕይወት አፈነው። ለሙዚቃው ብሎ ዘመን የሚመርጥ ሰው እንግዲህ የቀረበለት ከ1961 እስከ 1966 ያለው ነው።

«አገሩ ሁሉ እንደ ፒያሳ ነበር»

በደቡብ አብዛኛው ገበሬ ጭሰኛ ነበር፤ ካመረተው ሲሶውን፣ አንዳንድ ቦታም እኩሌታውን ለባለመሬት ይገብር ነበር። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ነው፣ በዚያው ቴሌቪዥን በተጀመረበት ዓመት።