«ሳድሊ» ምን ማለት ነው? ከጥጋብ የተወለደ የሀዘን ቃል

እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሳድሊ» ሲል «በሀዘን» ወይም «በሚያሳዝን ሁኔታ» ማለቱ ነው። የቃሉን ሥር የቆፈረ ሰው የሚያገኘው ግን እንባ ሳይሆን ሆዱ የሞላ ተመጋቢ ነው።

የ«ሳድሊ» መነሻ «ሳድ» ነው፤ ዛሬ ያዘነ ማለት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግን «ሳድ» ማለት የጠገበ፣ እስኪበቃው የበላ ማለት ነበር። ጀርመንኛ ዘመዱ «ዛት» ዛሬም እዚያው ነው፤ ጀርመናዊ ሕፃን ከገበታ ሲነሣ «ኢሽ ቢን ዛት» ካለ ጠግቤአለሁ ማለቱ ነው። ላቲኑ «ሳቲስ»፣ ማለትም በቂ፣ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እርካታን የሚገልጸው «ሳቲስፋክሽን» የመጣው ከእርሱ ነውና፣ እርካታና ሀዘን በእንግሊዝኛ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ዝምድና ነው።

ጥጋብ እንዴት ሀዘን ሆነ? በመሰልቸትና በክብደት በኩል አልፎ። የጠገበ ሰው የቀረበለት ምግብ ይሰለቸዋል፣ ሰውነቱም ይከብደዋል። ቀስ በቀስ «ሳድ» ከባድ፣ ጽኑ፣ ቁም ነገረኛ የሚሉ ፍቺዎችን ያዘ። በ14ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር የትረካው ባለታሪክ የሆነችውን ታጋሿን ግሪሴልዳን እንደ ግድግዳ የጸናች ሲላት የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። «ሳድሊ»ም ያኔ አጥብቆ፣ በጽናት ማለት ነበር። ምድጃ ላይ የሚጋለው ድፍን የብረት ካውያ «ሳድ አይረን» ተባለ። በአንዳንድ የእንግሊዝ አካባቢዎች ደግሞ ሊጡ ኩፍ ሳይል የተጋገረ፣ እጅ ላይ እንደ ድንጋይ የሚከብድ ዳቦ «ሳድ» ነው። እጅ ላይ ከሚከብደው ልብ ላይ ወደሚከብደው መሻገር ሩቅ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ያለችው «ሊ» የመጣችው አካል፣ መልክ ከሚል ጥንታዊ ቃል ነው።

በአማርኛ ጥጋብ ሌላ መንገድ ይዟል፤ ጥጋበኛ የምንለው ያዘነውን ሳይሆን ልኩን ያለፈውን ነው። ሀዘኑን ግን እኛም ከሆድ አላራቅነውም፤ ሆድ ይብሰናል፣ ሆዳችን ባር ባር ይላል።

ለሚተረጉም ሰው አንድ ነገር ልጨምር። «ሳድሊ» ከግሡ ጋር ሲጣበቅ ያዘነው ባለቤቱ ነው፤ «አዝኖ ሄደ» እንላለን። ዓረፍተ ነገሩን ሲከፍት ግን የሚያዝነው ተናጋሪው ነው፤ ያን ጊዜ «መሄዱ ያሳዝናል» ማለት ይሻላል። ሄያጁ ምናልባት ደስ ብሎት ይሆናል።