«ኢን» ሁልጊዜ አፍራሽ ነው እንዴ?

እንግሊዝኛ አብረን የምናጠና ልጆች በአንድ ቃል ደጋግመን እንጨቃጨቃለን። የቲነር ጣሳ ላይ «ኢንፍላመብል» ይላል። አንዱ «ከፊቱ ያለው ኢን አፍራሽ ነው፣ የቃሉን ትርጉም ይገለብጣል፤ ስለዚህ አይቀጣጠልም» ይላል። ኧረ ወንድሜ፣ ክብሪት እንዳትጭርበት! ይቀጣጠላል፤ ያውም ቦግ ብሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላቲን የመጡ ሁለት «ኢን»ዎች አሉ። አንዱ አፍራሽ ነው፤ «ቪዚብል» የሚታይ፣ «ኢንቪዚብል» የማይታይ። ሌላው «ወደ ውስጥ» ማለት ነው። «ኢምፖርት»ን ያዙ፤ «ፖርት» በላቲን መሸከም ነው፣ ስለዚህ ተሸክሞ ወደ ውስጥ ማስገባት። «ኢንፍላመብል»ም ከዚህኛው ወገን ነው፤ ሥሩ ነበልባል ነው። ሰው ስለሚሳሳትበት አሁን ማስጠንቀቂያ ላይ «ፍላመብል» ብቻ መጻፍ ይመረጣል። ሁለቱም ያው ናቸው። የማይቀጣጠለው «ነንፍላመብል» ይባላል። (እኛስ ብንሆን? «አልበላም» ብለን ስንጽፍ እኔ ነኝ የማልበላው ወይስ እሱ ነው ያልበላው?)

«ኢምፖርት» ላይ «ን» ለምን «ም» ሆነ? ለአፍ እንዲቀል ነው። ከ«ፕ»፣ «ብ» እና «ም» በፊት «ኢም» ይሆናል፤ «ኢምፖሲብል»። ከ«ል» በፊት «ኢል»፣ ከ«ር» በፊት «ኢር»፤ «ኢሊጋል»፣ «ኢሬጉላር»። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ፊደሉ ሁለት ጊዜ የሚጻፈው። ይህን በልበ ሙሉነት ያዙት።

በልበ ሙሉነት የማይያዘው ግን፣ አፍራሹ «ኢን» ነው ወይስ «አን» የሚለው ነው። እኩል ያልሆነ «አንኢኳል» ነው፤ አለመመጣጠን ሲሆን ግን «ኢንኢኳሊቲ»። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት ገለጥ ማድረግ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።