ከእብነ በረዱ ገንዳ አጠገብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንዴት ሰነበታችሁ የተዋሕዶ ልጆች?

ባለፈው እሑድ የክርስትና እናት ሆኜ ነበር። የሕፃኗ ቤተሰቦች ፒያሳ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ልጃቸው 80 ቀን ሲሞላት ግን በሌሊት ተነስተው ወደ ድሮው አጥቢያቸው ይዘዋት መጡ። «እኔም እናቷም ክርስትና የተነሳነው እዚህ ነው» አለኝ አባትየው። ይህን ሲል እጁ አሮጌው የእብነ በረድ መጠመቂያ ገንዳ ላይ ነበር።

ያንን ገንዳ ስንት ዓመት በአጠገቡ አልፌያለሁ! የዚያን ቀን ግን ስሙ ራሱ ያዘኝ። እብነ በረድ ግእዝ ነው፤ የበረዶ ድንጋይ ማለት ነው። ስሙ ውስጥ ድንጋይም ውሃም አለ። እስራኤል በምድረ በዳ ሲጠሙ ሙሴ ዓለቱን መታ፤ ውሃ ወጣ (ዘጸ. 17፥6)። ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ «ያም ዓለት ክርስቶስ ነበረ» ይለናል (1ቆሮ. 10፥4)። የጌታ ጎን በጦር ሲወጋ ደምና ውሃ ፈሰሰ (ዮሐ. 19፥34)። እኛ የተጠመቅነው ከዚያ ጎን በፈሰሰው ውሃ ነው ብለው አባቶች ያስተምሩናል።

ስለዚህም «ከማኅፀነ ዮርዳኖስ ተወለድን» እንላለን። ገንዳው ማኅፀን ነው። ከእናት የሚወለዱት አንዴ ነው፤ ጥምቀትም እንዲሁ። በጸሎተ ሃይማኖት «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኃጢአት»፣ ኃጢአት በሚሰረይባት በአንዲት ጥምቀት እናምናለን፣ የምንለው ለዚህ ነው። ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ ላይ የሚረጨን ጠበል በረከት ነው፤ የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ ነው። ሁለተኛ ጥምቀት አይደለም።

ቀኑስ? በመጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀናቸው ገነት ገቡ። ልጆቻችንም በዚያው ቀን ይገባሉ። ያቺ ትንሽ ገንዳ የገነት በር ናት ማለት ነው።

ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ በሕፃኗ ፈንታ «እክሕደከ ሰይጣን»፣ ሰይጣን ሆይ እክድሃለሁ፣ ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ እምነቴን መሰከርኩ። ለእኔም አንድ ቀን እዚሁ ቆሞ ይህን ቃል የሰጠልኝ ሰው አለ። ቃሉን ኖሬበታለሁ? እናንተስ? ልደታችንን ኬክ ቆርሰን እናከብራለን፤ ክርስትና የተነሳንበትን ቀን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ካህኑ ሦስት ጊዜ ውሃው ውስጥ ነክረው አጠመቋት። ሜሮን ተቀባች፤ ማዕተብ ታሰረላት። ሙሉ ጊዜውን ስታለቅስ ቆይታ ስትቆርብ ዝም አለች።

ማታ ለክርስትና እናቴ ደወልኩላቸው። አርጅተዋል፤ ብዙ ነገር ይረሳሉ። «እማማ፣ እኔ ክርስትና የተነሳሁት መቼ ነው?» አልኳቸው።

«የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነዋ!» አሉኝ ወዲያው። «ብርዱ ልክ አልነበረውም። ነጠላዬን አውልቄ የጠቀለልኩሽ እኔ አይደለሁ?»