«ዓሣ መብላት በብልሃት»

ጾም ሲገባ ፒያሳ አካባቢ ባሉ ዓሣ ቤቶች ባዶ ወንበር ማግኘት ጭንቅ ነው። (ዓሣ ለጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼዋለሁ።) ባለፈው ሁዳዴ ከአጎቴ ጋር ተጋፍተን ገባንና ሙሉ ጥብስ ቆሮሶ አዘዝን። እኔ እንደ በግ ጥብስ ጎረስኩት፤ እሾሁ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አጎቴ ደረቅ እንጀራ ጠቅልለው «ሳታኝክ ዋጠው» አሉኝ፤ ሐኪም ይህን አይመክርም። እንባዬን ስጠርግ ደግሞ፣ «ልጄ፣ ዓሣ መብላት በብልሃት ነው እኮ!»

ተረቱ የተነሳው ከዚሁ ከእሾህ ነው። ሥጋ በለመደ ጥርስ ዓሣ አይበላም፤ ጣት ቀድሞ መፈተሽ አለበት። ከማዕድ ተነስቶ ግን ለስስ ጉዳይ ሁሉ ዋለ፦ ቁጡ አለቃውን ፈቃድ ለሚጠይቅ፣ በወንድማማች መሃል የውርስ ነገር ለሚያነሳ። «መብላት» እና «ብልሃት» ቤት መምታታቸውም ከአፍ እንዳይጠፋ ረድቶታል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ያስፈራራል፤ ይሄኛው ግን አትብላ አይልም፣ አበላሉን እወቅ ነው የሚለው። ስለዚህ እወደዋለሁ።

የሚያናድደኝ ብልሃቱን ከሳህኑ ላይ መጀመራችን ነው። ዓሣው የሚመጣልን ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞ፣ ከጣና ነው። እናት ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ግልገሎቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው እዚያው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ዓይኑ የጠበበ መረብ ለወላድነት ያልደረሰችውን ሳይቀር ጠርጎ ያወጣል። ጣና ላይ ደግሞ በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ የሚወጡ ዓሦች አሉ፤ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ ምን ይከብዳል? የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ መበተንማ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም አስክሮ ያንሳፍፋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። መረቡ ግን የሚዘረጋው ገዢ ስላለ ነው፤ ገዢው ደግሞ እኔና አጎቴ ነን።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ የማዝዘው ፊሌቶ ነው። ከአንድ ቆሮሶ ፊሌቶ የሚወጣው ሲሶ ያህሉ ነው፤ ጭንቅላቱና አከርካሪው ሾርባ ካልገባ ይጣላል። አጎቴ ፊሌቶ አይወዱም። ከጅራቱ ጀምረው ቆዳውን ይገልባሉ፣ ሥጋውን በእንጀራ ከአከርካሪው ወደ ጎን ገፋ ገፋ ያደርጋሉ፣ ጉንጩን ለመጨረሻ ያቆያሉ። ያን ቀን ሳህናቸው ላይ የቀረው ማበጠሪያ የመሰለ አጥንት ብቻ ነበር። ወደ እኔ ሳህን አየት አደረጉና ጭንቅላቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።