የካርታ ስታይል ምንድን ነው?

ማንም ሊያርመው በሚችለው የዓለም ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕ፣ ላይ የሚመዘገብ መረጃ ቀለም የለውም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ እዚያ የነጥቦች ሰንሰለትና ጥቂት ታጎች (የመንገዱን ዓይነትና ስም የመሰሉ መግለጫዎች) ነው። ቀይ ይሁን ቢጫ፣ ከስንት ዙም (የማጉላት ደረጃ) ጀምሮ ይታይ፣ ስሙ በየትኛው ቋንቋ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ፋይል ነው፤ ስታይል የምንለው እሱን ነው።

መረጃውና ስታይሉ ሲምታቱ ጉዳቱ መሬት ላይ ይወርዳል። በመሐል ሜዳ ዙሪያ ያለ ጥርጊያ መንገድ ካርታው ላይ አልወጣ ስላለ ብቻ «ዋና መንገድ» ተብሎ ታግ ቢደረግ፣ መንገድ ጠቋሚው መተግበሪያ አምኖ በክረምት ጭቃ የጭነት መኪና ይሰድበታል። መታረም የነበረበት ስታይሉ ነው።

ስታይል መንካት ግን ለበጎ ፈቃደኛ ቀላል አልነበረም። የኦፕንስትሪትማፕ የቆየው ስታይል ካርቶሲኤስኤስ በተባለ የስታይል ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አንድ ቀለም ቀይሮ ውጤቱን ለማየት እንኳ ፖስትጂአይኤስ (የቦታ መረጃ ለመያዝ የሚያስችል ቅጥያ) ያለበት ዳታቤዝ አቁሞ መረጃ መጫን ያስፈልጋል። ለቬክተር ታይል (እንደ ምስል ሳይሆን እንደ መረጃ ለሚላክ የካርታ ቁራጭ) የሚሆነው፣ ካርታውን ብሮውዘር ላይ የሚስለው የማፕሊብሬ ስታይል ግን አንድ የጄሰን ፋይል (በተወሰነ ሥርዓት የተጻፈ ጽሑፍ) ነው። ማፑትኒክ በተባለው ኤዲተር ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ቀለሙ ሲነካ ካርታው ወዲያው ይቀየራል። ለጀማሪ እኛ የምንመክረው ይህንን ነው።

በፋይሉ ውስጥ ሌየሮች (የሥዕሉ ንብርብሮች) በተራ ይደረደራሉ፤ ኋላ የተጻፈው ከላይ ይሳላል። አንድ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሌየር አለው፦ ሰፋ ያለ ጠቆር ያለ ጠርዝና በላዩ ጠበብ ያለ ደማቅ መስመር። ተራቸው ከተገላበጠ ደማቁ ይሸፈናል። አንዲት ኮማ ከጎደለች ደግሞ ካርታው ጨርሶ አይከፈትም፤ ስለዚህ በእጅ የተጻፈ ለውጥ ከመላኩ በፊት በስታይል መፈተሻ ይለፍ።

የእኛን ፊደል ብዙ የሚያስቸግረው ፎንቱ ነው። ማፕሊብሬ ፎንትን የሚያነበው 256 ፊደል በያዙ ፋይሎች ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚያገኝበት ሥርዓት) ከ4608 እስከ 4863 ባለው አንድ ፋይልና ከ4864 እስከ 5119 ባለው ሌላ ፋይል ይከፈላል። ሁለተኛው ከ«ጀ» ይጀምራል፤ ገ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ፈ፣ ፐ እዚያ ናቸው። «ደብረ ሲና» በመጀመሪያው ብቻ ይሟላል፤ «አጣዬ» ግን ያለ ሁለተኛው «ጣ» የላትም፣ ስሟ ጎድሎ ይወጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ሁለቱም ፋይሎች መኖራቸው ይታይ። ስም የሚያወጣው ሌየርም መጀመሪያ የአማርኛውን ስም፣ እሱ ከሌለ አጠቃላዩን ስም እንዲወስድ ይታዘዝ። አማርኛውን ብቻ ከጠየቀ፣ ያ ታግ ያልገባላቸው መንደሮች ስም አልባ ይሆናሉ።

ሥራውን ለሌላው የሚያቀልለት የስታይሉ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ማኅደር የሚያዘጋጀው ሰው ነው፦ የአገሩን ሁሉ ሳይሆን የአንድ ወረዳ ናሙና መረጃ አብሮ ያስቀምጥ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ይላክ ይበል፣ ከለውጡ ጋር የበፊቱና የአሁኑ ምስል በዙም 8፣ 12 እና 16 ይጠየቅ። ለመፈተኛ ጣርማ በር ይበቃል። ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ መስመሩ ከሰፋ በዝቅተኛ ዙም እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ዋሻው ደግሞ የራሱ ሌየር ካልተሰጠው ከተራው አስፋልት አይለይም።