ለሁሉም የሚሆን ጉብኝት በጅማ

አካታች ቱሪዝም ማለት ዊልቸር የሚጠቀም፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ በዕድሜ የገፋ ወይም ልጅ ያዘለ ሰው እንደማንኛውም እንግዳ የሚጎበኝበት አሠራር ነው። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ቱሪዝም ቀን መሪ ሐሳብም ይኸው ነበር።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአውሮፕላንም ይመጣል። እንግዳ መቀበል ለከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች መገናኛ ነበር። ንጉሡ ለምኒልክ በሰላም መገበራቸው አገሩን ከጦርነት አትርፎታል፤ ትልቅ አስተዋይነት ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም የጅማ ኩራት ነው። የተሠራበት ዓመት ላይ ጸሐፊዎች ባይስማሙም 19ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ አያከራክርም። የጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ በከተማዋ አሠራር ላይ አሻራውን ትቷል።

ችግሩም የሚጎላው ጅሬን ላይ ነው። መንገዱ ዳገት ነው። ዋናው ሕንፃ የእንጨት ፎቅ ስለሆነ ላይኛው ክፍል የሚደረሰው በደረጃ ነው። ቅርስ እየፈረሰ መወጣጫ አይሠራበትም፤ ልክም አይሆንም። ተነቃይ መወጣጫ ግን ምድር ቤቱን ይከፍታል። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ ከዚያ ካጠረ ዊልቸር ለመግፋት ይከብዳል። የፎቁን ክፍሎች ታች በቪዲዮ ማሳየት ይቻላል። ለዓይነ ስውር ጎብኚ ደግሞ የቅርሶቹን ቅጂ በእጅ እንዲዳስስ መስጠት ነው። የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ለዚህ ምን ይወጣለታል!

ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

ቡና ግን ደረጃ አያስወጣም። የጅማ ሰው የቡና መገኛ ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ ናት ይላል፤ ከፋም የራሱን ይላል። ሲቆላ ሽታው ለማያይ፣ ጭሱና ጀበናው ለማይሰማ ይደርሳል። የሚያስቸግረው ዝቅተኛው መቀመጫ ነው። ክራንች የያዘና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከፍ ያለ ወንበር ቢቀርብለት ጥሩ ነው።

ሆቴል የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ይደውል። “ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል?” ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። መግቢያው ስንት ደረጃ እንዳለው፣ የሽንት ቤቱ በር 80 ሴንቲ ሜትር መሙላቱን፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ መሥራቱን ይጠይቅ። ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃው ስለሚያስቸግር መኪናው እስከ በሩ ድረስ መግባቱን ያረጋግጥ።